ኑግ ብቻውን አያፈራም

በጥቅምት ወር ጎጃምን ወይም ወለጋን በመኪና የሚያቋርጥ ሰው ቢጫ ማሳ ሲያይ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣል። ብዙው «አደይ አበባ» ብሎ ይለጥፈዋል። አደይ አይደለም፤ የአደይ ዘመድ ኑግ ነው። ሱፍም የዚሁ ቤተሰብ ነው። አደይ በዓል ታደምቃለች፣ ኑግ ጓዳ ይሞላል።

ይሞላ ነበር ማለት ይሻላል። ዛሬ የብዙ ከተሜ ጓዳ ያለው ከውጭ የተጫነ የፓልም ዘይት ነው። ዘይት በጠፋ ወይም በተወደደ ቁጥር ክርክሩ ስለ ዶላርና ስለ ነጋዴ ይሆናል። ስለ ኑግ ማሳ የሚያነሣ ጥቂት ነው። የኑግ አገሩ ግን እዚሁ ነው፤ የሳይንስ ስሙ ራሱ «አቢሲኒካ» ይላል። ከፍሬው ከ30 እስከ 50 በመቶው ዘይት ነው። አሜሪካኖች የጓሮ ወፍ ለመመገብ ይገዙታል፤ የአረም ዘር ይዞ እንዳይገባባቸውም ወደ አገራቸው የሚገባው በሙቀት ታክሞ ነው። እነሱ ለወፍ ምግብ ይህን ያህል ሲጨነቁ፣ እዚህ ለሰው ምግብ የሚሆነው ኑግ ጠያቂ አጥቷል።

«ኑግ ምርቱ ትንሽ ነው፤ ለምን በሱፍና በአኩሪ አተር አይተካም?» የሚሉ አሉ። ምርቱ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ በገበሬው ማሳ ብዙ ጊዜ በሄክታር ከ10 ኩንታል በታች ነው። ግን የሚዘራው የት ነው? ውሃ በሚቋጥር ዋልካ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማዳበሪያ። እዚያ የሚችል ሰብል ብዙ አይደለም። ኑግ ያረፈበት መሬት ለቀጣዩ ዓመት እህል እንደሚስማማም ገበሬው ያውቃል። ዘይቱ ሲወጣ ፋጉሎው ለከብት ይተርፋል፤ አበባው ደግሞ ለንብ ነው።

ዋናው ነገር ያለው ንቡ ላይ ነው። ኑግ በራሱ ብናኝ ራሱን አያራባም። አንዱ ተክል ፍሬ የሚይዘው ንብ ወይም ሌላ ነፍሳት ከሌላ ተክል ብናኝ ሲያመጣለት ነው። ንብ የራቀው የኑግ ማሳ ቢጫ ሆኖ ያምራል፣ ሲወቃ ግን ገለባ ይበዛዋል። እንግዲህ ጎረቤት አበባ በወጣበት ሰሞን በጠራራ ፀሐይ ፀረ ተባይ ከረጨ፣ የሚጎዳው ባለ ቀፎው ብቻ አይደለም። ባለ ኑጉም አብሮ ይጎዳል። ሰሊጥ ከኑግ ተገኝታ አብራ ተወቀጠች ይባላል፤ እዚህ ደግሞ ኑግ ያለ ጥፋቱ ከተባይ ጋር ይወቀጣል።

በዘር በኩልም ችግሩ ያው ነው። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ፎገራ፣ እስቴ፣ ኩዩና ሻምቡ ያሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። ነገር ግን አንድ ገበሬ የተሻሻለ ዘር ቢዘራና ጎረቤቱ የቆየውን ቢዘራ፣ ንቧ ሁለቱን ታደባልቃቸዋለች። ከጥቂት ዓመት በኋላ የተሻሻለው ዘር ስሙ ብቻ ይቀራል። ለስንዴ በሚሠራው መንገድ፣ ለአንድ «ሞዴል ገበሬ» ጥቂት ኪሎ ሰጥቶ መሄድ፣ ለኑግ አይሠራም።

ስለዚህ የኑግ ዘር መሰጠት ያለበት በሰው ቁጥር ሳይሆን በመንደር ነው፤ አንድ ጎጥ አንድ ዝርያ። ሄክታሩን ለመዝራት ከ5 እስከ 10 ኪሎ ስለሚበቃው ወጪው የሚያስፈራ አይደለም። ኬሚካል የሚያከፋፍለው ሁሉ «ኑግ ሲያብብ አትርጩ፣ ግድ ከሆነም ንብ ከገባ በኋላ ማታ ርጩ» ብሎ ማስተማር አለበት። ቀፎም ወደ ኑጉ ዳር ይጠጋ። «ንጹሕ የኑግ ዘይት» ብሎ ሌላ ዘይት ቀላቅሎ የሚሸጥም ይጠየቅ፤ ሸማቹ እምነት ካጣ ገበሬው ኑግን የሚዘራበት ምክንያት ያጣል።

ኑግ ብቻውን ፓልምን ከገበያ አያስወጣም፤ እንዲህ ብሎ ማስጎምጀት ውሸት ይሆናል። ግን በደጅ ያለውን እየናቁ በወደብ የሚመጣውን ብቻ መጠበቅ የዘይት ፖሊሲ ሊባል አይችልም። መጀመሪያው ቅርብ ነው፦ መርጫውን ያነገተ ገበሬ ወደ ማሳው ከመውረዱ በፊት የጎረቤቱን ኑግ አበባ ማውጣት አለማውጣቱን ቢያይ፣ ለራሱም ዘይት አተረፈ ማለት ነው።