ስለ ፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ አመራረጥ



ባለፈው ወር ደመወዝ በተቀበልንበት ዕለት አንድ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወዳጄ «ልጆቼ ፈረስ ሲጋልብ በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ አንድ ቀን ወስጄ ላሳያቸው አስቤአለሁና የትኛው ሜዳ ይሻላል?» ሲል ጠየቀኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን ስም ጠርቼለት ተለያየን። እቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መልሴ የችኮላ ሆኖ ስላገኘሁት፤ ለእርሱም ሆነ ለመሰሎቹ ይጠቅም እንደ ሆነ በዚህ ዓምድ ላስተካክለው እወዳለሁ።

የእሽቅድምድም ሜዳ በዝናው መመረጥ የለበትም ባይ ነኝ። ሩጫው ራሱ ቢረዝም ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው፤ የቀረው ቀን በሙሉ የሚያልፈው በመጠበቅ ነው። እንግዲህ ያ የመጠበቂያ ጊዜ ደስ የሚያሰኝ የሚሆነው ፈረሱ ሲጫን፣ ሲለጎም፣ በሶምሶማ ሲሟሟቅ፣ ከሩጫውም በኋላ ላቡ ሲጠረግለትና ቀስ እያለ ሲንሸራሸር በቅርብ ለማየት ሲቻል ነው። ይህ የማይታይበት ሜዳ ምንም ስም ቢኖረው የአቧራ ሜዳ ነው።

ይህን የተማርሁት በጉዳት ነው። አባቴ በወጣትነቱ ፈረስ ያሳደገ ሰው ነው፤ ዳማውን ከመጋላው፣ ቦራውን ከአንባላዩ ለይቶ በሩቅ ይጠራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአገር ቤት ሊጠይቀን በመጣ ጊዜ፤ ለልጅ ልጁ ፈረስ ላሳያት ብሎ ስለ ጠየቀኝ ከከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ ሜዳ ወሰድኋቸው። ሕዝቡን ከፈረሶቹ የሚለይ ገመድ እንኳ አልተዘረጋም ነበር። አንድ ፈረስ ደንብሮ ወደ ተመልካቹ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ተገፋፋ፤ አባቴ ልጅቷን ከሥሩ ሸሽጎ ወደቀ፤ የእጁ አንጓም ተሰበረ። በሐኪም ቤት ተቀምጠን ሳለ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ፈረሱስ እንዴት ሆነ?» እኔ አላየሁትም ነበር፤ አፈርሁ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር የእንግሊዝኛ መምህራችን ስለ አገሩ የፈረስ ሜዳዎች ደጋግሞ ያወራልን ነበር። በኋላም ለአጭር ትምህርት እንግሊዝ አገር በተላክሁ ጊዜ፤ የኪሴ ገንዘብ ትንሽ ስለ ነበረች ሜዳዎቹን በድሀ ዓይን መረመርኋቸው። አስኮት የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ1711 ንግሥት አን ያቋቋሙት ሲሆን፤ በንጉሣዊው ክልል ለመግባት ረጅም ባርኔጣና ልዩ ልብስ ያስፈልጋል፤ ያንን ለጌቶቹ ተውሁላቸው። ደርቢ የሚባለው ታላቅ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1780 ጀምሮ የሚደረግበት ኤፕሰም ግን በመካከሉ ሰፊ ኮረብታ አለው፤ በዚያም ላይ ሕዝቡ ምሳውን ይዞ በሣሩ ላይ ተቀምጦ ያለ መግቢያ ዋጋ ሲያይ መኖሩ የቆየ ልማድ ነው። ከሁሉ ያስደነቀኝ የቼስተር ከተማ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1539 ጀምሮ ፈረስ ይሽቀዳደምበታል፤ ዙሪያው ከአንድ ማይል እምብዛም ስለማይበልጥ ፈረሶቹ ከዓይን አይጠፉም፤ የጥንቱ የከተማ ቅጥርም በአጠገቡ ስለሚያልፍ መንገደኛው ከቅጥሩ ላይ ቆሞ ይመለከታል። በአጠገቤ የነበረ አንድ ጎልማሳ የውርርድ ወረቀቱን ጨብጦ ቁጥር ብቻ ሲፈልግ ዋለ። ገንዘቡን በላው አልበላው አላውቅም፤ ፈረስ ግን አላየም።

ወደ አገራችን ስመለስ፤ እኔ እስካሁን ካየኋቸው የምመርጠው በአገው ምድር በእንጅባራ ከተማ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረውን በዓል ነው። የፈረሰኞቹ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው በዐድዋ ጦርነት የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ነው። ከየወረዳው የሚመጣው ፈረሰኛ ፈረሱን ግላስና ጌጥ አልብሶ በጠዋት ሲገባ ማየት ከጉግሱም ከግልቢያውም አይተናነስም። ልጆችን ይዞ ለሚሄድ አባት ደግሞ ስለ ፈረስ ስም ለማጫወት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸው ከፈረሶቻቸው ጋር መሆኑን ተማሪዎቼ ሲሰሙ ይገረማሉ። ነገር ግን ለባሕር ዳር ሰው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ደርሶ መመለስ ቢቻለውም፤ ለእኛ ለአዲስ አበባዎቹ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና የአንድ ቀን ጉዞ አይደለም። የመንገዱንም ሰላም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለወዳጄ በችኮላ የጠራሁለት ስም ጃን ሜዳ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን እሽቅድምድምና የፖሎ ጨዋታ ይደረግበት የነበረ፣ ለስድስት ኪሎም ቅርብ የሆነ ሰፊ ሜዳ ስለ ሆነ ስሙን መጥራቴ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቴ ቀኑን አለመንገሬ ነው። በጥምቀት ሰሞን የሄደ እንደ ሆነ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ የፈረሱን ጆሮ እንጂ እግሩን አያይም፤ ሕፃን ይዞ መጋፋትም አደጋ አለው። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የአትክልት ገበያ ወደዚያ ተዛውሮ ሳለ፤ ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሜዳው ተለቅቆ መጽዳቱን እናስታውሳለን። ስፍራው ሲፈለግ እንደሚሰናዳ ከዚህ ይታያል። እንግዲህ የሚመለከታቸው ክፍሎች ከበዓሉ ውጭ በበጋ ወራት አንድ እሑድ ለፈረስ ቢመድቡ፣ ቀኑን አስቀድመው በጋዜጣ ቢያስታውቁ፣ ገመድ ቢዘረጉና ለፈረሶቹ የውኃ ገንዳ ቢያኖሩ፤ ወጪው ይህን ያህል የሚያስፈራ አይመስለኝም።

እስከዚያው ወዳጄ ወደ ማንኛውም ሜዳ ከመሄዱ በፊት ብቻውን ሄዶ እንዲያየው እመክረዋለሁ። ገመድ መኖሩን፣ ጥላና ውኃ መኖሩን፣ ፈረሶቹ የሚያርፉበትን ስፍራ ይመልከት፤ ነፋሱ አቧራውን ወደ የት እንደሚወስድም ያጢን። በፈረሱ ጎን የአለንጋ ቁስል ካየ ልጆቹን ወደዚያ አይውሰዳቸው።

አባቴ ለመጪው ጥር እንደሚመጣ ልኮብኛል። እጁ ድኗል፤ ጨብጦ ለመያዝ ግን አሁንም ያስቸግረዋል። ልጄ አሁን አሥር ዓመት ሆኗታል፤ አያቷን ወደ የት እንደምንወስደው በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ሜዳዎቹን በየእሑዱ እየዞርሁ በማየት ላይ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ