ልጅቷ ከተዳረች በኋላ ሽማግሌ ለምን ይላካል?

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው የእግር ኳስ ጉዳይ ነው። «ኳስ ምን አገባኝ» የሚሉ አንባብያንም ገጹን ሳይገልጡ ጥቂት እንዲታገሡን እንለምናለን። ሰው ሥራ እንዴት እንደሚያገኝና እንዴት እንደሚነፈግ የሚያሳይ ጉዳይ ነውና። የምንተቸው በአሜሪካ አገር ያለውን፣ በሞላላ ኳስ የሚጫወተውን ብሔራዊ የእግር ኳስ ሊግ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ሊግ 32 ቡድኖች አሉ። ከጃንዋሪ እስከ ማርች፣ ጨዋታው ሲያበቃ፣ ቡድኖቹ ሁለት ገበያ ይወጣሉ። አንደኛው የአሰልጣኝ ቅጥር ነው። ሁለተኛው ውላቸውን የጨረሱና ከፈለጉት ቡድን ጋር ለመዋዋል ነፃ የሆኑ ተጫዋቾችን ማስፈረም ነው። እኛ የምንለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ተጫዋቹ የሚገዛው በሚዛን ነው፤ አሰልጣኙ የሚቀጠረው በትውውቅ ነው፤ ይህን ለማረም የወጣው ደንብም በባለሀብቶቹ እጅ የይስሙላ ሥርዓት ሆኗል።

በመጀመሪያ የተጫዋቹን ገበያ እንመልከት። ነፃ ዝውውር ዛሬ ባለው መልኩ የቆመው ተጫዋቾቹ በፍርድ ቤት ተሟግተው በ1993 ነው። በ1994 የደመወዝ ጣሪያ ተተከለ፤ በ2022 ጣሪያው ለአንድ ቡድን 208.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ገበያው የሚከፈትበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። የተጫዋቹ ፍጥነት፣ ክብደት፣ በሜዳ ላይ የሠራው ሥራ ሁሉ ተመዝግቧል። የውሉም መጠን በጋዜጣ ይወጣል። በማርች 2022 ማያሚ ዶልፊንስ የተባለው ቡድን ውሉን የጨረሰውን ቴሮን አርምስቴድን ለአምስት ዓመት በ75 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ታይሪክ ሂልንም ከካንሳስ ሲቲ በልዋጭ አምጥቶ ለአራት ዓመት 120 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋለው። ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው። «የማን ወገን ናችሁ? ማን ያውቃችኋል?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ምክንያቱም ጎበዙን ተጫዋች በቀለሙ ያለፈ ቡድን በሚቀጥለው እሑድ ይሸነፋል።

በእርግጥ ይህ ገበያም ንጹሕ ነው አንልም። በ2016 የሕዝብ መዝሙር ሲዘመር ተንበርክኮ የጥቁሮችን በደል ያሳሰበው ኮሊን ኬፐርኒክ በማርች 2017 ውሉን ትቶ ነፃ ቢሆንም ከ32ቱ ያስፈረመው አንድም ቡድን አልተገኘም። አድመውብኛል ብሎ በዚያው ዓመት ከሰሰ፤ በፌብሩዋሪ 2019 ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። እንግዲህ ሚዛን ባለበት ገበያ እንኳ እንዲህ ከተደረገ፣ ሚዛን በሌለበት ምን ይደረግ ይሆን?

ወደዚያው ወደ ማያሚ እንመለስ። ብራያን ፍሎሬስ፣ ወላጆቹ ከሆንዱራስ የመጡ፣ በኒውዮርክ ብሩክሊን ያደገ ጥቁር አሰልጣኝ፣ ቡድኑን በ2019 ተረከበ። በመጀመሪያው ዓመት 5 አሸንፎ 11 ተሸነፈ። በ2020 ዓመት 10 አሸንፎ 6 ተሸነፈ። በ2021 ከመጀመሪያዎቹ ስምንት ጨዋታዎች አንዱን ብቻ ቢያሸንፍም ቀጥሎ ሰባት በተከታታይ አሸንፎ ዓመቱን በ9 ድልና በ8 ሽንፈት ፈጸመ። በጃንዋሪ 10 ቀን 2022 ተባረረ። የቡድኑ ባለቤት ስቲቨን ሮስ የሰጡት ምክንያት በድርጅቱ ውስጥ ያለው የሥራ ግንኙነት እንዳልተቃና የሚገልጽ ነበር። ግንኙነት በምን ሚዛን ይለካል? በኪሎ ነው በሜትር?

ፍሎሬስ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 ሊጉንና ቡድኖችን ከሰሰ። በዚያን ዕለት ከ32ቱ ዋና አሰልጣኞች መካከል ጥቁር የነበረው አንድ ሰው፣ የፒትስበርጉ ማይክ ቶምሊን ብቻ ነበር። በክሱ እንደተገለጸው ከተጫዋቾቹ 70 በመቶ ያህሉ ጥቁሮች ናቸው። ሜዳ ላይ ብዙኃን የሆኑት ወንበሩ ጋ ሲደርሱ የት ጠፉ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናል ተብሎ የወጣ ደንብ ነበረ። በ2002 ሁለት ጥቁር አሰልጣኞች፣ ቶኒ ደንጊና ዴኒስ ግሪን፣ ከሥራ ከተሰናበቱ በኋላ ጠበቆቹ ጆኒ ኮክራንና ሳይረስ መህሪ ጥናት አቅርበው ሊጉን ሞገቱ። በ2003 «የሩኒ ደንብ» ወጣ፤ ስያሜው ከፒትስበርጉ ባለቤት ከዳን ሩኒ ነው። ዋና አሰልጣኝ የሚፈልግ ቡድን ከመቅጠሩ በፊት ከአናሳ ወገኖች ቢያንስ አንድ ሰው ጠርቶ ማነጋገር አለበት አለ። በ2020 ቁጥሩ ወደ ሁለት ከፍ አለ። ልብ በሉ፤ ደንቡ የሚቆጥረው ለጥያቄ የተጠሩትን ነው። ጠሪው በቅን ልቦና ይጥራ ወይም ለታይታ፣ ደንቡ አይመረምርም።

የዚህ ውጤት ወዲያው ታየ። በ2003 ዲትሮይት ላየንስ አስቀድሞ ልቡ የፈቀደውን ስቲቭ ማሪዩቺን ቀጠረ። ለወጉ የተጠሩት ጥቁር አሰልጣኞች ውሳኔው ማለቁን ስላወቁ አንሄድም አሉ። የቡድኑ ፕሬዚዳንት 200,000 ዶላር ተቀጣ። ሌሎቹ ባለሀብቶች ከዚህ የተማሩት ትምህርት ምን ነበር? ከመወሰናችሁ በፊት አድምጡ የሚለውን ነው ወይስ ከወሰናችሁ በኋላም ቢሆን አንድ ሰው ጠርታችሁ ቡና አጠጡ የሚለውን?

ፍሎሬስ የከሰሰው ይህንኑ ነው። በጃንዋሪ 27 ቀን 2022 ከኒውዮርክ ጃያንትስ ጋር ቃለ መጠይቅ ተይዞለት ነበር። ከሦስት ቀን በፊት የቀድሞ አለቃው ቢል ቤሊቺክ በስልክ የእንኳን ደስ ያለህ መልእክት ላኩለት። በክሱ ላይ በቀረበው የመልእክት ልውውጥ እንደሚታየው መልእክቱ የተላከው ለሌላ ብራያን፣ ለብራያን ዳቦል፣ ታስቦ ነበር። ፍሎሬስ ግን ቀጠሮውን አክብሮ ሄደ። በማግሥቱ ዳቦል መቀጠሩ ተነገረ። ጃያንትስ እስከ መጨረሻው ሰዓት ፍሎሬስን አስበንበት ነበር ብለው ክሱን ክደዋል፤ እውነቱን ፍርድ ቤት ይለየው። ነገር ግን ልጅቷ ከተዳረች በኋላ የተላከ ሽማግሌ ምን እንደሚሰማው ሥራ ፈላጊ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ልብሱን አሳምሮ ለራዓዮን ሄዶ፣ ፈገግታ ተቀብሎ፣ «እንደውልልሃለን» ተብሎ የተሸኘ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት ስለ ኳስ ምንም ማወቅ አያስፈልገውም።

አሁን ደግሞ ቅጣትን እናወዳድር። በኦገስት 2022 ሊጉ ማያሚን ቀጣ። ጥፋቱ ምን ነበር? ቡድኑ በሌላ ቡድን ውል ሥር ከነበረው ከቶም ብሬዲ ጋር በድብቅ መነጋገሩና በጃንዋሪ 2022 ደግሞ የኒው ኦርሊንስን አሰልጣኝ ሾን ፔይተንን ለማምጣት ያለፈቃድ ከወኪሉ ጋር መነጋገሩ ነው። ቅጣቱም የ2023 የአንደኛ ዙርና የ2024 የሦስተኛ ዙር ወጣት ተጫዋች የመምረጥ ዕድል መነጠቅ፣ ለባለቤቱም 1.5 ሚሊዮን ዶላርና እስከ ኦክቶበር 17 መታገድ ሆነ። የአንደኛ ዙር ምርጫ ማለት ለቡድን የዓመታት ተስፋ ነው፤ ባለሀብት ገንዘቡን ሳይሆን ይህን ሲነጠቅ ነው የሚያመው።

እንግዲህ ወገኖች ፍረዱ። አንዱ ሀብታም የሌላውን ሀብታም ንብረት ሲነካ ሊጉ አጥንት የሚሰብር ቅጣት አለው። ድሃው አመልካች ሲታለል ግን የኪስ ገንዘብ አስከፍሎ ያልፋል። ደግሞም በዚያው በጃንዋሪ 2022 ለማያሚ ወንበር ለጥያቄ የተጠሩት ሰዎች ስለ ፔይተን የሚደረገውን ንግግር ማን ነገራቸው?

«ማያሚ በመጨረሻ የቀጠረው ማይክ ማክዳንኤል አባቱ ጥቁር ነው፤ በዚያን ጊዜ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ክሪስ ግሪርም ጥቁር ነው፤ ታዲያ ምን ትላላችሁ?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። የማክዳንኤልንም ችሎታ አንነቅፍም፤ በመጀመሪያ ዓመቱ እንደ ፍሎሬስ 9 አሸንፎ 8 ተሸንፎ ቡድኑን ለጥሎ ማለፍ አብቅቷል። ክርክራችን ግን የአንድ ሰው ሹመት አይደለም። ሂደቱ ጨለማ ከሆነ የተሾመውም ሰው በችሎታው መሾሙን ማስመስከር አይችልም። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» በሚባልበት ቤት ጎበዙም ሰነፉም በፕሮቴክስያ የገባ ይመስላል።

«ደንቡ ጭራሽ ይሰረዝ» የሚሉም አሉ። በዚህም አንስማማም። በ2007 ፒትስበርግ የ34 ዓመቱን ቶምሊንን ያገኘው ጠርቶ ስላደመጠው ነው። ቶምሊን በፌብሩዋሪ 2009 ዋንጫውን በላ፤ እስከ 2024 ድረስም ከድሉ ሽንፈቱ የበዛበት አንድም የውድድር ዘመን አልነበረውም። ደንቡ ጆሮ ባለው ባለቤት እጅ ፍሬ አፍርቷል። ጆሮ የሌለውን ደግሞ ቅጣት ጆሮ ሊያበቅልለት ይገባል።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። አንደኛ፣ ለይስሙላ ሰው የጠራ ቡድን እንደ ማያሚ የምርጫ ዕድሉን ይነጠቅ። ሁለተኛ፣ የተጠሩት ሁሉ ሳይደመጡ ለማንም ተስፋ መስጠት ይከልከል። ሦስተኛ፣ ያልተቀጠረው ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው። አራተኛ፣ ክርክር ሲነሣ ዳኛው የባለሀብቶቹ ተቀጣሪ የሆነው የሊጉ ኮሚሽነር አይሁን። በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ፍሎሬስ አንድ እርምጃ ተራምዷል፤ በኦገስት 2025 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በጃያንትስ፣ በዴንቨርና በሂዩስተን ላይ ያቀረበው ክስ በኮሚሽነሩ ዳኝነት ሊታይ አይገባም ብሎ ወስኗል።

ፍሎሬስ ዝም ብሎ ረዳት አሰልጣኝነቱን ቢይዝ ይቀለው ነበር። በክሱ ምክንያት ወንበር ለዘላለም ሊነፈገኝ ይችላል ብሎ እያወቀ ተናገረ። ሽማግሌ መላክ መልካም ባህል ነው፤ ክብር አለው። ግን የሚላከው ልጅቷ ሳትዳር ነው።