የኤስፕሬሶ ማሽን ለቤት ለመግዛት ያሰባችሁ እንደሆነ

ማኪያቶ ከቡና ቤት ወጥቶ ወደ መኖሪያ ቤት መግባት ከጀመረ ቆይቷል። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች፣ በአንዳንድ ቤቶች ከረከቦቱ ባሻገር በቡፌው ላይ የሚያብረቀርቅ የኤስፕሬሶ ማሽን ተቀምጦ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አንዱ በሠርግ ስጦታ የመጣ ነው፤ ሌላው ከውጭ አገር በመጣ ዘመድ ሻንጣ የገባ ነው፤ ሌላው ደግሞ ዕቁብ ሲደርስ የተገዛ ነው። የሚያሳዝነው ከእነዚህ መካከል ጥቂት የማይባሉት ከጥቂት ወራት በኋላ ዳንቴል ለብሰው መቀመጣቸው ነው። ለአንድ ቤተሰብ ደግሞ ይህ ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ የልጆች ልብስና ደብተር ሊገዛ ይችል የነበረ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው የትኛው ማሽን ያምራል በሚለው ሳይሆን፣ የትኛው ለየትኛው ቤት ይሆናል በሚለው ላይ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር መታወቅ ይኖርበታል። ኤስፕሬሶ ማለት የጀበና ቡና በሌላ ዕቃ ተፈልቶ ማለት አይደለም። በጀበና ቡናው ከውሃው ጋር አብሮ ይፈላና አተላው እስኪዘቅጥ ይጠበቃል። ኤስፕሬሶ ግን ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ፣ ደቅቆ በተፈጨና በተጠቀጠቀ ቡና ውስጥ በኃይል ተገፍቶ ሲያልፍ የሚገኝ መጠጥ ነው። ግፊቱ 9 ባር ያህል ሲሆን፣ ይህም በባሕር ጠረፍ ካለው የአየር ግፊት ዘጠኝ እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ለሁለት ስኒ ከ14 እስከ 18 ግራም ቡና ይገባና ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀዳል። እነዚህን ቁጥሮች ያዟቸው፤ ሻጩ የሚነግራችሁን ሁሉ የምትመዝኑት በእነርሱ ነው።

ማሽኑ የኢጣሊያኖች ሥራ ነው። የሚላኖው ሉዊጂ ቤዜራ እ.ኤ.አ. በ1901 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ማሽን ቡናውን የሚገፋው በእንፋሎት ኃይል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አኪሌ ጋጅያ በእጅ የሚሳብ ባለ ሞላ ማሽን አወጣ፤ ከላይ የሚቀመጠው ወርቃማ አረፋ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ፋኤማ የተባለው ፋብሪካ ውሃውን በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚገፋውን ኢ 61 የተባለ ማሽን ለገበያ አቀረበ። ይህን የምናነሣው ታሪክ ለማውራት ብቻ አይደለም። ዛሬም በገበያ ላይ ከሚገኙት የቤት ማሽኖች እጅግ ርካሾቹ ፓምፕ የሌላቸው፣ እንደ ጥንቱ በእንፋሎት የሚገፉ ናቸው። ግፊታቸው ከ9 ባር እጅግ ያነሰ ነው፤ ውሃውም ከመጠን በላይ ስለሚግል ቡናው የማረር ጣዕም ያመጣል። ታዲያ ሻጩን የመጀመሪያ ጥያቄ ስትጠይቁ፣ «ፓምፕ አለው ወይ?» በሉት።

ፓምፕ ካለው በኋላ ግን ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር አትታለሉ። 15 ባር፣ 20 ባር ተብሎ በትልልቁ የሚጻፈው ፓምፑ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛው ኃይል እንጂ ቡናው የሚፈልገው አይደለም። 20 የሚለው ከ15ቱ ይበልጣል ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ይኸውም መፍጫው ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን በሙሉ ማሽኑ ላይ ያፈስና ቡናውን በሙቀጫ ወቅጦ ያቀርብለታል። ሙቀጫና ዘነዘና ለጀበና የሚበቃ መሣሪያ ነው፤ የሚወቀጠው ቡና ግን ከፊሉ ዱቄት፣ ከፊሉ ክክ ይሆናል። በጀበና ይህ ብዙም አይጐዳም፤ በኤስፕሬሶ ግን የተገፋው ውሃ በክኩ በኩል ቀዳዳ ፈልጎ ያመልጣል። ውጤቱም በአንድ ስኒ ውስጥ የሚጐመዝዝም የሚመርም ቡና ነው። በስለት የሚቆራርጡት ትንንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫዎችም ከዚህ እምብዛም አይሻሉም። የሚያስፈልገው ሁለት ጥርስ ያላቸው ጐማዎች ሳይሆኑ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ትይዩ የሆኑ ሁለት ጥርሳም ብረቶች ያሉት፣ ልቀቱና ሸካራነቱ እየተጠመዘዘ የሚስተካከል መፍጫ ነው። በእጅ የሚዞረውም ቢሆን ጥሩ ከሆነ ሥራውን ይሠራል። ቡናው በ10 ሰከንድ ውስጥ ዥው ብሎ ከወረደ አፈጫጨቱ ሸካራ ነው፤ ጠብ ጠብ እያለ ካስቸገረ ከመጠን በላይ ልሟል። የኤስፕሬሶ ባለሙያነት አብዛኛው ይህን ማስተካከል ነው። በእኛ አስተያየት ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ፣ ከውድ ማሽንና ከሙቀጫ ይልቅ መካከለኛ ማሽንና ደህና መፍጫ ይመረጣል።

መፍጫ መግዛት ለማይችል ቤት አንድ መላ አለ። አንዳንድ ማሽኖች ከታች አንዲት ጥቃቅን ቀዳዳ ብቻ ካለችው ድርብ ወንፊት ጋር ይመጣሉ። ይህ ወንፊት ግፊቱን ራሱ ስለሚፈጥር ከሱቅ በተገዛ የተፈጨ ቡናም ይሠራል። አረፋ ይሰጣል፤ አረፋው ግን የቀዳዳዋ እንጂ የቡናው አይደለም። ሁለቱም ዓይነት ወንፊት ያለውን ማሽን የገዛች ቤት ዛሬ በድርቡ ጀምራ፣ ነገ መፍጫ ስታገኝ ወደ ተራው ልትሸጋገር ትችላለች።

ስለ አቆላልም አንድ ቃል። ለጀበና ቆልተን ወዲያው ወቅጠን እናፈላለን፤ ቤቱንም የሚያውደው እርሱ ነው። ለማሽን ግን በዚያው ዕለት የተቆላ ቡና ጋዝ ስለሚያወጣ አረፋው ይበዛና አቀዳዱ ይረበሻል። ከተቆላ በኋላ በታሸገ ዕቃ አንድ ሳምንት ገደማ ቢያርፍ ይሻላል። እስኪጠቁርና ዘይት እስኪያወጣ የተቆላ ቡናም የመፍጫውን ጥርስ ይደፍናል።

የኤሌክትሪኩ ነገር በተለይ ከውጭ አገር ዕቃ ለሚያስመጡ እህቶች ይሠራል። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ በመሆኑ እዚህ በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል፤ በመሆኑም አሜሪካ ያለው ዘመድ ከመግዛቱ በፊት ይነገረው። ትራንስፎርመር መፍትሔ ነው እንዳይባል፣ ማሽኑ ከ1,000 ዋት በላይ ስለሚወስድ ለዚያ የሚበቃው ትራንስፎርመር ከባድም ውድም ነው። ከዱባይ የሚመጣው በቮልት በኩል ይስማማል፤ ስፒናው ግን ሦስት አራት ማዕዘን እግር ያለው ስለሆነ ሊቀየር ይገባዋል። ማሽኑንና የእንጀራ ምጣዱን በአንድ ማከፋፈያ ላይ አብሮ መሰካትም የቤት ቃጠሎ መጋበዝ ነው።

መብራት በሚበዛ ጊዜ ለሚጠፋበት ሰፈር ግን እኛ ሌላ ዕቃ እንመክራለን። ሞካ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1933 በአልፎንሶ ቢያሌቲ ስም የወጣው ባለ ሁለት ፎቅ የምድጃ ማፍያ ነው። ግፊቱ ከ1 እስከ 2 ባር ብቻ ስለሆነ እውነተኛ ኤስፕሬሶ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ወተት ለሚጨመርበት ቡና ወፍራምና ደህና መሠረት ይሆናል፤ የሚበላሽበትም ጎማው ብቻ ነው። ውሃው ከጐኑ ካለችው ትንሽ ቫልቭ በታች ይሁን፤ ቡናው አይጠቅጠቅ፤ ቫልቩ ከተደፈነ ዕቃው ሊፈነዳ ይችላልና ዘወትር ይጸዳ። እጀታው ፕላስቲክ ስለሆነ ከሰል ላይ አይጣድ፤ ይቀልጣል።

በካፕሱል የሚሠራው ማሽን ቀላልና ንጹሕ ነው። ነገር ግን ካፕሱሉ ባለቀ ቁጥር ያንኑ ዓይነት ፍለጋ መዞር ነው። ቡና አምራች አገር ተቀምጦ በውጭ አገር የታሸገ 5 ግራም ቡና በውድ ዋጋ መግዛት ደግሞ፣ ለሚገርመው ሁሉ ይግረመው።

ገዥውና አጣቢው አንድ ሰው መሆኑንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በብዙ ቤት ማኪያቶ የሚያምረው አባወራው ነው፤ ወንፊቱን የሚያጥበው፣ አተላውን የሚደፋው፣ የውሃውን ሣጥን የሚሞላው ግን ሌላ ነው። የእንፋሎት ቱቦው ወተት ከተፈላበት በኋላ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ካልተጠረገና እንፋሎት ካልተለቀቀበት፣ ወተቱ ውስጡ ደርቆ ይሸታል። በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ከሆነ፣ ማሽኑም ውስጥ ይሠራልና መመሪያው በሚያዘው መድኃኒት በየጊዜው መታጠብ አለበት። ይህ ሁሉ በአንዲት ሴት የዕለት ሥራ ላይ የሚጨመር ከሆነ፣ ማሽኑ ዳንቴል ቢለብስ አያስገርምም። ማኪያቶ ያማረው ይማረው፤ ሥራው ከ10 ደቂቃ በላይ ትምህርት አይጠይቅም። ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ የእንፋሎት ቱቦው ወደ ግድግዳ ይዙር፤ እጀታውም ግፊቱ ሳይወጣ አይፈታ።

ወደ ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን የተፈጨ ቡና ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩም ማሽኑን ሰክቶ በፊታችሁ ሁለት ስኒ እንዲቀዳ ጠይቁት። እጀታው ሲገጠም ጠበቅ ብሎ መያዙን፣ ከጐኑም ውሃ አለመትረፉን ተመልከቱ። ከዚያም እጀታው የሚቀመጥበትን ክብ ጎማ አሳዩኝ በሉት። እርሱ በሙቀት ብዛት የሚደርቅና የሚሰነጠቅ ስለሆነ መለወጡ አይቀርም፤ የቤት ማሽኖች ልካቸው ስለሚለያይ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ሻጩ መለዋወጫውን ከመደርደሪያው አውርዶ ካሳያችሁ፣ አንዱን ከማሽኑ ጋር አብራችሁ ግዙ።