መንገዱ ይዘጋል፤ «ገቢ» ግን አይዘጋም

ዕቃዬን ጭኜ ከአራዳ ሠፈር ወደ ማራኪ የተዛወርሁ ዕለት ባጃጇን የነዳሁት እኔው ራሴ ነበርሁ። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ካርቶን መጽሐፍ፣ አንድ የከሰል ምድጃና ሁለት ጀሪካን። በሁለት ምልልስ አለቀ። የሰው ዕቃ ቢሆን ኮንትራት ነበር፤ የራሴ ስለሆነ ከማን ልቀበል? እንዲያም ሆኖ ማታ ለባለንብረቱ 500 ብር ቆጥሬ አስረክቤያለሁ። በሾፌሮች ቋንቋ ይህቺ ገንዘብ «ገቢ» ትባላለች። ገቢ የተባለችው ለእሳቸው ስለምትገባ ነው፤ ለእኔማ ወጪ ናት።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ስለዚች «ገቢ» ስለሚሏት ነገር ላጫውታችሁ ነው።

መቼም «ጋዜጠኛ ሆነህ ባጃጅ ውስጥ ምን ዶለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ዲፕሎማ አለኝ፤ ዕድሜዬ ሠላሳን ተሻግሯል፤ ለጋዜጣና ለመጽሔት እጽፋለሁ። ፍሪላንስ ይሉታል። እኔ ስተረጉመው «ደመወዝ የሌለው» ማለት ነው። ጽሑፉ ከወጣ ይከፈላል፤ ካልወጣ አይከፈልም፤ ወጥቶም የማይከፈልበት ጊዜ ሞልቷል። በዚህ መሐል የአራዳዋ አከራዬ የ2,000 ብሯን ክፍል 3,000 አደረጓት። «እትዬ፣ እባክዎ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ጤፉ ለኔ ጊዜ ሰጠኝ ወይ?» አሉኝ። ለዚህ ምን መልስ አለው? እኔም መንጃ ፈቃድ ላወጣ ተመዘገብሁ። ስድስት ወር ቆይተው 4,000 ሲሉኝ ግን መሪውን ጨብጬ ስለነበር በ3,000 ማራኪ ገባሁ።

ብዙ ሰው መንጃ ፈቃድ ሲባል የሚፈራው ፈተናውን ነው። ፈተናውስ እዳው ገብስ ነው። የመንገድ ምልክት ትሸመድዳለህ፣ መሪ ትለማመዳለህ፣ ያልፋል። እኔን የከበደኝ ከመሪው በፊት ያለው ነው። ለሥልጠናው የነዋሪነት መታወቂያ ተጠየቅሁ። መታወቂያዬን ላሳድስ ስሄድ የቤት ቁጥር ተጠየቅሁ። የቤቱ ቁጥር የእትዬ ነው፤ እሳቸው ደግሞ «ተከራይ አለኝ ብዬ ፈርሜ የኪራይ ግብር ልጠየቅ?» ብለው ፈሩ። ሁለት ወር ተመላለስሁ። መንጃ ፈቃዱ እጄ ሲገባ ደግሞ የባጃጇ ባለቤት ዋስ አምጣ አሉኝ። «ዋሱ የቤት ካርታ ያለው ሰው ይሁን» አሉ። ልብ በሉልኝ! የቤት ኪራይ ለመክፈል ሥራ ፈለግሁ፤ ሥራውን ለማግኘት ቤት ያለው ሰው ፈለግሁ። አንድ አጎቴ ባይደርስልኝ ኖሮ መንጃ ፈቃዴ እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ ከዲፕሎማዬ ጎን ተሰቅሎ ነበር።

የቀኑ ሒሳብ እንዲህ ነው። ደኅና በዋለ ቀን ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ፒያሳ፣ አራዳ፣ ማራኪ፣ አዘዞ ስል ውዬ 1,100 ብር ያህል አገኛለሁ። ቤንዚን 350 ይወስዳል። 500 ገቢ ነው። የቀረችኝ 250 ናት። ምሳም፣ እጥበትም፣ ጎማ ማስለጠፊያም፣ ትራፊክ ከቀጣኝ ቅጣቱም ከዚችው ነው።

ይህ ቤንዚን ከማደያ ሲገኝ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ማንሣት ሲጀምር የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በአዲስ አበባ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ይህም ጎንደር እስኪደርስ የማጓጓዣው ይጨመርበታል። ማደያው «የለም» ያለ ዕለት ደግሞ መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ማደያ ያጣው ነዳጅ በምን ተአምር ጠርሙስ እንደሚገባ የሚመለከታቸው ይመልሱ፤ እኔ የማውቀው የጠርሙሱ ዋጋ ከ250ዋ ላይ እንደሚቆረጥ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ጎንደር «ዛሬ መንገድ ዝግ ነው» የሚለውን ቃል ለምዳዋለች። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ጊዜው አበቃ፤ ቃሉ ግን አላበቃም። ተኩስ ሲሰማ ባጃጅ ይቆማል። ትእዛዝ ሲመጣ ባጃጅ ይቆማል። መንገዱን ማን ዘጋው የሚለውን ክርክር ለጊዜው ለባለቤቶቹ ልተወው፤ የዘጋው ባለመለዮም ይሁን ባለጎፈሬ፣ ማታ ገንዘብ ሲቆጠር ልዩነቱ አይታይም። እኔ 26 የሥራ ቀን ባለው ወር ስድስቱ ቀን ተዘግቶብኛል። በቀሩት 20 ቀናት በ250 ሒሳብ 5,000 ብር አገኘሁ። ለስድስቱ ዝግ ቀናት ግን ገቢው አልቀረልኝም፤ 3,000 ብር ከፈልሁ። 2,000 ቀረኝ። የቤት ኪራዬ 3,000 ነው። እንግዲህ ገና እህል ሳልቀምስ የ1,000 ብር ባለዕዳ ነኝ ማለት ነው። ስድስት ቀን መንገድ ሲዘጋ የአንድ ወር ጣሪያ ይሄዳል።

የከተማው ሥራ አላወጣ ቢለኝ ዓይኔን ወደ ደጋው መስመር ጣልሁ። አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ከጎንደር ደባርቅ ቅጥቅጥ ይነዳል። «ለሕዝብ ማመላለሻ የሚያበቃህን መንጃ ፈቃድ እስክታወጣ እኔ ዘንድ በረዳትነት ጀምር» ስላለኝ አንድ ቅዳሜ አብሬው ወጣሁ። ወለቃን አልፈን፣ ኮሶዬ ላይ በብርድ ተቀጥተን፣ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በገደብዬና በዳባት አድርገን ደባርቅ ገባን። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደባርቅ ወዲያ ጣልያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው ሊማሊሞ አለ፤ የደጋ ሾፌር የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው። ጓደኛዬ የመጀመሪያ ትምህርቱን የሰጠኝም ስለ ቁልቁለት ነው፦ «ፍሬን ላይ አትተኛ፤ ይግልና ይከዳሃል። በከባድ ማርሽ ውረድ፣ ሞተሩ ይያዝህ።»

የደጋው ሥራ ወቅት አለው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማና ወደ ቋራ የሚወርደው ጎበዝ መኪናውን ይሞላዋል። የደባርቅና የዳባት የቢራ ገብስ ሲወቃ ደግሞ የጭነት መኪናው ወደ ጎንደር ይመላለሳል። ሲጠፋ ግን ድርግም ይላል። በጎንደር–መተማ መንገድ ሾፌርና ተሳፋሪ እየታገተ ገንዘብ ሲጠየቅበት ከከረመ በኋላ ደግሞ መሪ የሚጨብጠው ሰው ከቤቱ ሲወጣ ተሰናብቶ ነው። ጓደኛዬ ማታ መንገድ ላይ ስለማይኬድ ሚስቱን ጎንደር ትቶ ደባርቅ ሁለተኛ ክፍል ተከራይቷል። አንድ ሰው፣ አንድ መሪ፣ ሁለት ኪራይ! ደባርቅም ብትሆን እንደ ድሮው ቤት አይገኝባትም። በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከግጭ መንደር የተነሡት ቤተሰቦች የመጡት ወደዚችው ከተማ ነው። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ያፈናቀላቸውም የተጠለሉባት እሷው ናት። የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛው ተጨመረ።

ስንመለስ ከጎናችን የተቀመጡ አንድ የዳባት ገበሬ ወሬያችንን ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ይኼ ገቢ የምትሉት እንዴት ያለ ነው?» አሉ። አስረዳኋቸው።

«የኔን መሬት አንድ ጎበዝ የእኩል ያርሰዋል» አሉኝ። «ሲያፈራ እኩል እንካፈላለን። በረዶ ሲመታውም እኩል እናዝናለን። የእናንተን በረዶ የመታው ዕለትሳ?»

«በረዶም ቢመታ ያው ነው አባቴ፤ እንከፍላለን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያማ የእኩል አይደለማ፤ አራጣ ነው!»

ጎንደር እስክንገባ ይህቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም። የድሮ ሰው «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ይል ነበር። ግፍ ነው ብለን ስንረግመው ኖረናል። ዛሬ ግን ነጂው ሲሶ እንኳ የለውም። አከራዩ ቁርጥ ሒሳብ አለው፤ ባለንብረቱ ቁርጥ ሒሳብ አለው፤ ኢንሹራንሱም፣ ቦሎውም፣ ቅጣቱም ቁርጥ ነው። ቁርጥ የሌለው ነጂው ብቻ ነው። ሁሉም ጠግቦ ከተነሣ በኋላ ትራፊ ካለ ይበላል፤ ከሌለ ይበደራል።

የባጃጅ ባለቤቶች ጭራቆች ናቸው አልልም፤ «ባጃጅ ለነጂው» የሚል መፈክር ይዤም አልተነሣሁም። የእኔ ባለንብረት ጡረተኛ መምህር ናቸው። ባጃጇን የገዟት በዕቁብና በባንክ ብድር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ «መለዋወጫ» የሚል ቃል ሲሰሙ ይደነግጣሉ። አንድ ቀን ከተማው ተዘግቶ ውሎ ባዶ እጄን ሄድሁ። «ጋሼ፣ ዛሬ ዝግ ነበር፤ እርስዎም ያውቃሉ» አልኋቸው። «አውቃለሁ ልጄ፤ ባንኩ ግን አላወቀልኝም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ባንኩ ከጋሼ ይቀበላል፤ ጋሼ ከእኔ ይቀበላሉ፤ እኔ ከማን ልቀበል?

መንግሥት የሚባለው አካል ሊገባ የሚገባው እዚህ ላይ ነበር። እሱ ግን የሚገባው በሪፖርት ነው። አንድ ወጣት መንጃ ፈቃድ አወጣ ማለት «ሥራ ተፈጠረለት» ማለት ሆኗል። መንገዱ በተዘጋ ቀን ይህ ወጣት ከተፈጠረለት ሥራ ላይ ተቀንሶ ሪፖርት ሲደረግ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው ይላል። እኔ በቀን 12 ሰዓት እሠራለሁ፤ ግን በማን ዓይን ሠራተኛ ነኝ? ደመወዝተኛ አይደለሁ፣ ነጋዴ አይደለሁ፤ በቃል የተሰጠኝን ንብረት ይዤ የምዞር ሰው ነኝ።

የቤቱም ነገር እንዲሁ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ቤቶች አንዱ ከወላጁ የቀረለት ሰው እስከ ዛሬ የቀበሌ ቤት ውስጥ በትንሽ ገንዘብ ይኖራል፤ ይባረክለት። እኛ ከዚያ በኋላ የተወለድነው የግለሰብ ጓሮ ውስጥ ነን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ጥሩ አዋጅ ነው። እኔ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ዋጋ ሲጨመርብኝና ዕቃዬን ስጭን ግን ያስጣለኝ የለም። አዋጁ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ሲመጣ መንገድ ተዘግቶበት ይሆን?

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ከተማው በተዘጋ ቀን ገቢ አይከፈል። ባንኩም የዚያን ቀን ወለድ ከባለንብረቱ አይጠይቅ፤ መንገዱ የተዘጋው በሁላችንም ላይ ነውና በረዶውን ሁላችንም እንካፈለው። የነጂና የባለንብረት ስምምነት በጽሑፍ ይሁን። ነጂዎችም ከባለንብረቶች ማኅበር የተለየ፣ ለእነሱ የሚቆም ማኅበር ይኑራቸው፤ የባለንብረት ማኅበር ለባለንብረት ቢቆም አይፈረድበትምና። ለተከራይ መታወቂያ የአከራይ መልካም ፈቃድ አይጠየቅ፤ ሰው ነዋሪ የሚሆነው በመኖሩ እንጂ በካርታው አይደለም። ከዚህ ውስጥ ሰማይ ቧጦ የሚገኝ አንድም ነገር የለም። የዳባቱ ገበሬና የእኩል አራሻቸው ያለ አዋጅ፣ ያለ ስብሰባ፣ ያለ አበል ሲያደርጉት ኖረዋል።

እኔም ሌላውን ከማዘዜ በፊት ከራሴ ልጀምር ብዬ ባለፈው ሳምንት ለጋሼ አንዲት ወረቀት ጻፍሁላቸው። ሁለት መስመር ናት። «መንገድ በተዘጋ ቀን ገቢ የለም። ገበያ ደርቶ ከ1,100 ብር በላይ በሠራሁ ቀን ከትርፉ ሲሶውን እጨምራለሁ» ትላለች። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቧት። አልፈረሙም። አልመለሱልኝምም። አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት፤ እስካሁን እዚያው ናት።

ነገ ሰኞ ነው። ጧት 12 ሰዓት ላይ ተራ መያዝ አለብኝ፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ።

ቸር ያሰማን!