ለሰው የማይሆን ለላምም አይሁን

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ወተት አምራቾች፣ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ብዙዎቻችን ቤት የተለመደ ነገር ስለሆነ ቅር እንዳትሰኙብኝ። ዳቦ ሲሻግት፣ ፋጉሎ ሲጓጉል "ለሰው አይሆንም፣ ለከብት ይሁን" እንላለን። እኔ ግን ለምትታለብ ላም የተሰጠ ሻጋታ ዞሮ ሰው ጋ ይመለሳል ባይ ነኝ።

አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ላሟ ስትበላው የተወሰነው በአንድ ቀን ውስጥ ወተቷ ላይ ይወጣል። ላሟ ሳትታመም፣ የወተቱ ቀለምም ሽታም ሳይለወጥ ማለት ነው። ማፍላት አያጠፋውም፤ እርጎም አይብም ውስጥ ይገባል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጉበት ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። ወተት ዋና ምግባቸው የሆነ ሕፃናት ደግሞ የበለጠ ያሳስባሉ። በሬ የምታደልቡም ብትሆኑ ነገሩ ይመለከታችኋል፤ መርዙ ከሥጋው ይበልጥ ጉበትና ኩላሊት ላይ ነው የሚገኘው፣ እኛ ደግሞ ጉበትና ዱለት እንወዳለን።

ይሄ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት (ኢልሪ) የተሳተፈበት ጥናት በአዲስ አበባና ዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና መርምሮ ነበር። መርዙ በሁሉም ላይ ተገኘ፤ የአውሮፓን ገደብ ያላለፉት 9 ብቻ ናቸው። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ እንደሆነም ተገለጸ። በ2008 ዓ.ም. ወሬው ሲሰማ ወተት መግዛት የፈሩ ሰዎች እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ።

"አባቶቻችንም ሲሰጡ ኖረዋል፣ ምን ሆኑ?" የሚለኝ ሰው አለ። በፊት እኮ ላሟ መስክ ውላ ነበር የምትገባው። ዛሬ የተዳቀለችው ላም ግቢ ታስራ በየቀኑ ፋጉሎና ፉርሽካ ትበላለች። መኖው ከተበላሸ በየቀኑ ነው የሚደርሳት።

ያም ሆኖ ጥፋቱን ሁሉ ገበሬው ላይ መለጠፍ ልክ አይመስለኝም። ፋጉሎው ገና ከዘይት መጭመቂያው መጋዘን እርጥብ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ወተት ተረካቢውም በላክቶሜትር ውሃ መጨመሩን፣ በአልኮል ደግሞ መበላሸቱን ያያል እንጂ ሁለቱም ይህን መርዝ አያሳዩም። ዋጋው በሊትር ስለሆነ የተጠነቀቀውም ያልተጠነቀቀውም እኩል ይከፈለዋል። ስለዚህ ማኅበራትና ወተት ገዢዎች ናሙና እያስመረመሩ ለንጹሕ ወተት ጭማሪ መክፈል አለባቸው። ጥንቃቄ ገንዘብ ካላመጣ ማን ይጠነቀቃል?

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ፦

1. ፋጉሎን ጨርሳችሁ ተዉ አልልም፤ ወተቱ ይቀንሳል። በክረምት ግን የወር አትግዙ፣ ለአንድ ለሁለት ሳምንት የሚሆን ይበቃል።

2. ሳትከፍሉ ጆንያው ውስጥ እጃችሁን ክተቱ። ሙቀት፣ እርጥበት፣ ጓል ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ተዉት። ሻጋታ አልታየም ማለት ግን መርዝ የለም ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ደረቅና አዲስ መሆኑን ጠይቁ።

3. ጆንያውን መሬት ላይ አታስቀምጡ። እንጨት ረብርቡለት፣ ከግድግዳ አርቁት፣ ጣሪያ እንዳያፈስበት እዩ።

4. የሻገተውን ከደህናው አትቀላቅሉ፤ መርዙን ማሰራጨት እንጂ ማጥፋት አይደለም። ለዶሮም አትስጡ፣ ጫጩት ከላም በላይ ይጎዳል። ቅበሩት።

5. ቦታ ያላችሁ አጃና ቬች ቀላቅላችሁ ዝሩ፣ አልፋልፋም ሞክሩ። ሣር ሳያረጅ አበባ ሲይዝ ታጭዶ በደንብ የደረቀ ድርቆሽ ከፋጉሎ ወጪ ያሳርፋል።

አንድ ጆንያ መጣል ያማል፣ አውቃለሁ። መልካሙ ነገር ግን የተበላሸው መኖ ከቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወተቱ ይጠራል። ዛሬ ጀምረን በሳምንቱ ለልጆቻችን ንጹሕ ወተት መስጠት እንችላለን ማለት ነው። ሸማቹ አንዴ ከሸሸ ግን በሳምንት አይመለስም።

እናንተ ፋጉሎ ከየት ነው የምትገዙት፣ በክረምትስ እንዴት ታቆዩታላችሁ? ጻፉልኝ። ስልክ ለሌለው ጎረቤትም አንብቡለት።