ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ፡ በሮቢት ማጀት የሚቀረው ሕክምና

የአንጀት መጠምዘዝ በኢትዮጵያ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉ የሆድ ሕመሞች አንዱ ነው። ከሮቢትና ከአካባቢዋ ቀበሌዎች ሕመሙ የጸናበት ሰው ወደ ቆቦ፣ ሲከፋም ወደ ወልድያ ይወሰዳል። የወልድያ ሆስፒታል በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ዘረፋና ውድመት ስለደረሰበት፣ ውይይቱ ሁሉ አገልግሎቱን መልሶ በማቋቋም ላይ ማተኮሩ አያስገርምም። ታካሚው ቤቱ ሲገባ ምን ይበላል የሚለው ጥያቄ ግን እስካሁን ለቤተሰብ ግምት የተተወ ነው።

የተለመደው ግምት አንጀት እስኪጠና ድረስ ማረፍ አለበት የሚል ነው። በዚህም የተነሣ ታካሚው ለሳምንታት በቀጭን አጥሚትና በሻይ ይቆያል። ቀድሞ ሐኪሞችም ከዚህ የራቀ አመለካከት አልነበራቸውም። የዛሬዎቹ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ግን ሐኪሙ የሚከለክልበት ምክንያት ከሌለ፣ ምግብ በ24 ሰዓት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እንዲጀመር ይመክራሉ። የአንጀት የውስጥ ሽፋን በጥቂት ቀናት የሚታደስ ሲሆን፣ ከሚመገበውም ከፊሉን የሚያገኘው በላዩ ከሚያልፈው ምግብ ነው። ባዶውን ሲቆይ ይሳሳል፤ ተህዋስያንን የማገድ አቅሙም ይዳከማል።

ቁስል የሚጠግነው በዋናነት ፕሮቲን ነው። መመሪያዎቹ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ይጠይቃሉ፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ገደማ ነው፤ ቀጭን አጥሚት ደግሞ ከዚህም ያነሰ። እንቁላሉና ወተቱ ከራያ ገበሬ ደጅ አይጠፋም፤ ችግሩ አብዛኛው ወደ ገበያ መሄዱ ላይ ነው። በደንብ የበሰለ ለስላሳ ሽሮና የተፈጨ ምስርም ያግዛሉ። የማሽላ እንጀራ ከተነፋ ዱቄት ተጋግሮ በጥቂቱ ሊጀመር ይችላል፤ ቆሎ፣ ንፍሮና ጥሬ አትክልት ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆያሉ። በቀን ሦስት ጊዜ ከማጥገብ አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ማቅረብ ይመረጣል።

ጾም ሲገባ ነገሩ ይጠብቃል። ኦርቶዶክስም እስልምናም ለታመመ ሰው ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ታካሚው ራሱ ግን ብዙ ጊዜ እሺ አይልም። የንስሐ አባት ወይም ሼህ ቀድመው ቢያነጋግሩት ከሐኪሙ ቃል በላይ ሊሰማ ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን የሚሸፍነው ሕክምናን እንጂ ምግብን አይደለም። ቤት ለቤት የሚዘዋወሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጡትን የአመጋገብ ምክር ከቀዶ ሕክምና ለተመለሱትም ቢያደርሱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ምክሩም ለታካሚው ብቻ ሳይሆን ምድጃው ዘንድ ላለችው እናት ወይም ባለቤት መነገር ይኖርበታል።

ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ የሆድ መነፋት፣ ትኩሳት፣ ወይም ሰገራና አየር አለመውጣት ከታየ ምግቡን አቁሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል መመለስ ያስፈልጋል።