ኮሚቴ ሥራን ይቀብራልን?

በየመሥሪያ ቤቱና በየሻይ ቤቱ አዘውትሮ የሚሰማ አንድ ቀልድ አለ። አንድን ጉዳይ መግደል የፈለገ ሰው በገዛ እጁ መግደል አያስፈልገውም፤ ኮሚቴ ካቋቋመለት ይበቃዋል ይባላል። ቀልዱ ያስቃል፤ ፈጽሞ ሐሰት ነው ብሎ የሚከራከርም አይገኝም። ፋይሉን ይዞ ከደጅ ደጅ የተመላለሰ ባለጉዳይ ሁሉ ምስክር ነውና። ነገር ግን ቀልድ ሲደጋገም እምነት ይሆናል፤ እምነቱም ሲሰነብት አገርን ይጎዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን እምነት መቃወም ነው። ለክርክሬ ምስክር አድርጌ የማቀርበውም ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ የተወራለትን፥ ጥቂት ግን የተሠራለትን የሃይድሮጂንን ነገር ነው። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከሥሩ እንነሣ። ሃይድሮጂን ከጋዞች ሁሉ የቀለለ፥ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። ውሃ በኤሌክትሪክ ኀይል ሲከፈል ሃይድሮጂንና ኦክስጂን ይወጣሉ፤ ሃይድሮጂኑ በልዩ መሣሪያ አማካይነት ተመልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ሲለወጥም የሚተርፈው ጢስ ሳይሆን ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን 33 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኀይል ይዟል፤ ይህንኑ አንድ ኪሎ ከውሃ ለማውጣት ግን ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። እንግዲህ በዚህ መንገድ የተገኘ ሃይድሮጂን የኀይል ማመላለሻ እንጂ የኀይል ምንጭ አይደለም። በ2024 ዓለም 100 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሃይድሮጂን ተጠቅማለች። ከዚህ ውስጥ ካርቦን በማያበዛ መንገድ የተመረተው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም፤ የቀረው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል የወጣ ነው።

ይህ ሁሉ ወሬ ሳለ ሥራው ስለ ምን አነሰ? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ብዙዎች የሚመልሱለት ገንዘብ ስላልተገኘ ነው በማለት ነው። መልሱ ከፊሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከገንዘብ በፊት የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ስምምነት ነው።

የሃይድሮጂንን ጠባይ እንመልከት። እጅግ ቀላል ስለ ሆነ፥ በመኪና ላይ በሚጫን በርሜል ውስጥ ይበቃ ዘንድ በዙሪያችን ካለው የአየር ግፊት 700 እጥፍ ገደማ በሚሆን ግፊት መታመቅ አለበት። በፍጥነት ሲሞላ በርሜሉ ይግላል፤ ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ እንዳያልፍም ጋዙ አስቀድሞ ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ድረስ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን መሣሪያ ጥቂት እድፍ ይመርዘዋል። ስለዚህም ለመኪና የሚሸጠው ሃይድሮጂን ከመቶው 99.97 እጅ የጠራ መሆን አለበት፤ በውስጡ የሚገኘው ካርቦን ሞኖክሳይድም ከ10 ሚሊዮን እጅ ከ2 እጅ መብለጥ የለበትም።

እስቲ አንባቢ ይፍረድ። እነዚህን ቁጥሮች የወሰነ ማን ነው? አንድ ፋብሪካ ብቻውን ቢወስን ኖሮ ሌላው ባልተቀበለው ነበር። መኪና ሠሪው በአንድ ግፊት፥ ማደያ ሠሪው በሌላ ግፊት ቢሠሩ፥ የአንዱም ቱቦ አፍ ከሌላው በርሜል ጋር ባይገጥም፥ ከሁለቱ የሚገዛ ሞኝ አይገኝም ነበር። ቁጥሮቹን የወሰኑት እነዚያው የሚቀለድባቸው ኮሚቴዎች ናቸው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ስለ ሃይድሮጂን ብቻ የሚመክር 197ኛውን የቴክኒክ ኮሚቴ ያቋቋመው በ1990 ነው፤ ያን ጊዜ በሃይድሮጂን የሚሄድ መኪና በገበያ አልነበረም። በ1999 በካሊፎርኒያ መኪና ሠሪዎች፥ ነዳጅ ሻጮችና የግዛቲቱ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ማኅበር ተሰብስበው ስለ ማደያዎች ይመክሩ ጀመር፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችንም አሠለጠኑ። በ2013 በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር የሃይድሮጂን መኪና የደኅንነት ደንብ ጸደቀ። ከዚህ የተነሣ የጃፓኑ ቶዮታና የኮሪያው ሂዩንዳይ በገበያ የሚፎካከሩ ሲሆኑ፥ የሁለቱም መኪናዎች ከአንድ ማደያ፥ በአንድ ዐይነት የቱቦ አፍ ይሞላሉ። ፉክክሩን የሚቻል ያደረገው ስምምነቱ ነው።

ስምምነት የጎደለ እንደ ሆነ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወደ ጂቡቲ ይሄድ የነበረው የቀድሞው የባቡር ሐዲዳችን ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ ደግሞ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። የአንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ አይሄድም። በሐዲድ ላይ ጉዳቱ ወጪና ድካም ነው፤ በሃይድሮጂን ላይ ግን ጉዳቱ ነፍስ ሊሆን ይችላል። ሂንደንበርግ የተባለው በሃይድሮጂን የሚንሳፈፍ የጀርመን አየር መርከብ በ1937 በአሜሪካ ሲቃጠል 36 ሰዎች ሞተዋል። በሰኔ ወር 2019 በኖርዌይ በኦስሎ አጠገብ አንድ የሃይድሮጂን ማደያ ፈነዳ፤ የሰው ሕይወት ባይጠፋም ሥራው ለጊዜው ቆመ። ሲመረመር ምክንያቱ በታላቁ ግፊት ማከማቻ ላይ ያለው መክደኛ ሲገጠም ብሎኖቹ እንደሚገባ አለመጥበቃቸው ሆኖ ተገኘ። ብሎን በምን ያህል ኀይል እንዲጠብቅና ማን አይቶ እንዲፈርምበት ጽፎ ማስቀመጥ የኮሚቴ ሥራ ነው። ይህን ሥራ አሰልቺ ነው የሚል ሰው ፍንዳታው አሰልቺ እንደማይሆን ያስብ።

ይህን ስል ግን ኮሚቴ የተባለውን ሁሉ አመሰግናለሁ ማለቴ አይደለም። ኮሚቴ ሁለት ዐይነት ነው፤ አንዱ መስፈሪያ የሚሠራ፥ ሌላው ዕቃ የሚያስተዋውቅ። በ2017 በዳቮስ የ13 ታላላቅ ኩባንያዎች መሪዎች የሃይድሮጂን ምክር ቤት አቋቋሙ፤ የአባላቱም ቁጥር በኋላ ከ100 አልፏል። ነጋዴዎች ስለ ሸቀጣቸው ቢናገሩ መብታቸው ነው፤ አልነቅፋቸውም። የምነቅፈው የነጋዴውን ቃል እንደ ዳኛ ቃል አድርጎ የሚቀበለውን ሹም ነው። ሻጩ ራሱ ቁናውን ሠርቶ፥ ራሱ ሰፍሮ፥ ሞላ ብሎ ራሱ የሚፈርድበት ገበያ ገበያ ሊባል አይገባውም። የኢንዱስትሪ ኮሚቴ የሚጠቅመው ገዢው፥ መምህሩና መንግሥትም በጠረጴዛው ዙሪያ ሲቀመጡበት ነው።

ዛሬ ይህ ቁና በእርግጥ እየተሠራ ነው። ሃይድሮጂን ንጹሕ የሚባለው ምን ያህል ካርቦን ሲያስከትል ነው? የአቈጣጠሩን ዘዴ የሚገልጸው ዓለም አቀፍ ሰነድ በዱባይ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ የቀረበው በ2023 ነው። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው ደንብ፥ ከኤሌክትሪኩ ከመቶ ከ90 እጅ በላይ ከታዳሽ ምንጭ በሚገኝበት አካባቢ የተመረተ ሃይድሮጂን፥ ሌላ አዲስ የኀይል ማመንጫ እንዲሠራለት ሳይጠየቅ ታዳሽ ተብሎ ሊቈጠር እንደሚችል ተወስኗል። ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጐደል ከወንዞቿ ለምታገኝ ለኢትዮጵያ ይህ አንድ ቁጥር ምን ያህል እንደሚመዝን አስተዋይ ሰው አይስተውም። ቁጥሩ 90 መሆኑ ጠቀመን፤ ነገ ቢለወጥስ? ማን ይከራከርልናል?

በዚህ ጊዜ አንድ ብልህ ነኝ ባይ፥ ‹‹እኛ ድሆች ነን፤ የሃይድሮጂን መኪናም ማደያም የለንም፤ ምን ቤት ነን ብለን እንቀመጣለን?›› ይል ይሆናል። መልሴ ይህ ነው፤ የእኛ ጉዳይ መኪና ሳይሆን ማዳበሪያ ነው። አንድ ቶን አሞንያ ለመሥራት 177 ኪሎ ገደማ ሃይድሮጂን ያስፈልጋል፤ ከአሞንያውም ዩሪያ ይሠራል፤ ዩሪያውም የገበሬያችን የእርሻ ጉዳይ ነው። ነገሩም ሕልም አይደለም። በግብፅ አስዋን ኪማ የተባለው ፋብሪካ ከ1960 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በግድብ ኤሌክትሪክ ውሃን እየከፈለ ማዳበሪያ ሲያመርት ኖሯል፤ ኋላም ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞሯል። ለእኛም ሁለቱ መንገዶች ተከፍተውልናል። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በጎዴ የመሠረት ድንጋይ የተጣለለት የማዳበሪያ ፋብሪካ ደግሞ ሃይድሮጂኑን ከተፈጥሮ ጋዝ የሚያወጣ ነው። የትኛው መንገድ በምን ዋጋ ለማን እንደሚጠቅም መመዘን አለበት፤ ሚሊዮን ወገኖቻችን ገና የኤሌክትሪክ መብራት አላገኙምና ሚዛኑ ያለ እነርሱ አይቆምም። ታዲያ ይህን የሚመዝንልን የውጭ አገር ሻጭ ነውን?

በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ሕግ አንድ አገር በአንድ ኮሚቴ ውስጥ ተሳታፊ ወይም ተመልካች መሆን ይችላል። ተሳታፊው ድምፅ ይሰጣል፤ ተመልካቹ ሰነዱን ያነባል። ድምፅ መስጠት ፋብሪካ ከማቆም እጅግ ይረክሳል፤ የሚጠይቀው ግን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የተማረ፥ የተዘጋጀና ወንበሩን የማይለቅ ሰው ነው። በየስብሰባው አዲስ ሰው የሚልክ አገር ሁልጊዜ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በአገራችን ስለ ሃይድሮጂን የሚመክር ኮሚቴ ሲቆም፥ ከባለ ኢንዱስትሪዎቹ ጋር የኤሌክትሪክ፥ የእርሻና የደረጃዎች መሥሪያ ቤቶች፥ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ይቀመጡበት። የሚጽፈው ደንብ ብሎኑን የሚያጠብቀው ሠራተኛ ሊያነበው በሚችለው ቋንቋም ይጻፍ። ለያንዳንዱ ውሳኔ ቀንና ኀላፊ ይወሰንለት፤ ቃለ ጉባኤውም ለሕዝብ ይገለጥ። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ ቀልዱ ራሱ ያረጃል። ሥራን የሚቀብረው ኮሚቴ ሳይሆን ቀን የሌለው ቀጠሮና ኀላፊ የሌለው ውሳኔ ነው። እኛ እየቀለድን ሳለን ሌሎች ተቀምጠው ቁናውን ሠርተው ይጨርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀርልን በሰፈሩልን መጠን መቀበል ብቻ ይሆናል።